አረንጓዴ ጫፍ ለእድሩ ጎላ

መካኒሳ፣ ኅዳር 26 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ገብረ መድኅን፤
ሮስቶክ፣ ጀርመን

ባሉበት አገር ብርዱ አይክፋብዎ፣ ሥራውም አይክበድብዎ። እኛ ሰው የጎደለበት ቤት እንደሚሆነው ሆነን አለን። ይህን የምጽፈው ራጉኤል ነኝ፣ የአክስትዎ ልጅ የትሩፋት ትንሹ ልጅ። እስካሁን ይጽፍልዎ የነበረው ወንድሜ ኢያቄም ስለሆነ የእኔን የእጅ ጽሕፈት አያውቁትም።

በስልክ እንደሰሙት ኢያቄም ጥቅምት 12 ቀን አርፎ ሀና ማርያም ተቀብሯል። አርባውን ባለፈው ሳምንት አወጣን። በስልኩ የነገርንዎ አጭር ስለነበር እንዴት እንደሆነ ልጻፍልዎ። ወተት የሚያመላልስ ቦቴ መኪና ሆዱ ከውስጥ በኩል ተሰንጥቆ ኢያቄም ወደሚሠራበት ጋራዥ መጣ። ኢያቄም በላይኛው ክዳን ገብቶ ከውስጥ ይበይድ ነበር። አብሮት የሚሠራው ሮበሌ መሙያ ሽቦ ሊገዛ መርካቶ ሄዷል። የቦቴው ሾፌር መሐሙድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲጠብቅ የብየዳው ድምፅ ቆመ። ኢያቄም ደክሞት ያረፈ መስሎት አልተነሳም። ቆይቶ በክዳኑ ሲያይ ወንድሜ ማስኩን እንዳጠለቀ ተጋድሟል። ሰውነቱ ላይ ቃጠሎም ቁስልም አልተገኘም። ሐኪሙ ልቡ ነው የቆመው አለ። የሃያ አራት ዓመት ልብ ለምን እንደሚቆም ግን የነገረን የለም።

የቀብሩ ዕለት ንፍሮው የተቀቀለው በእድሩ ትልቅ የአሉሚኒየም ጎላ ነው። ጎላውን አምና የበየደው ራሱ ኢያቄም ነበር። እማማ አማከለች ንፍሮውን እያማሰሉ፣ «በገዛ እጁ ባበጀው ድስት ንፍሮውን አበላን» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ በኋላ የደረሰኝን ንፍሮ ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁት።

እድሩ ሁለተኛ ጎላ አለው። እሱም ከቂጡ እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ ጋራዡ ጥግ ተደፍቷል። ኢያቄም ስንጥቁ የሚያልቅበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጎበታል፤ ቦቴውን ሲጨርስ ሊበይደው ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ነገሪ፣ ለቆራሌው ይሰጥ ብለው ወስነው ሳለ ለሙት ዓመቱ እኔ በይጄ አስረክባለሁ ብዬ ለመንኳቸው። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ጎላው እኮ አንተን ይውጥሃል» አሉኝ። እስከ ሙት ዓመቱ ግን ታገሡኝ።

ኢያቄም የእርስዎን ደብዳቤዎች ጋራዥ ውስጥ ጮክ ብሎ ያነብልን ስለነበር የብየዳውን እሳት የሚያነሳው የተንግስተን ዘንግ ለብረት ባለ ቀይ ጫፍ፣ ለአሉሚኒየም ባለ አረንጓዴ ጫፍ መሆኑን አውቃለሁ። ከላኩለት ውስጥ የቀረው ቀዩ ብቻ ነው። አረንጓዴው አልቋል፤ መርካቶም የለም። ቦቴው ውስጥም ይዞት የገባው ቀዩን ነው። ጋሼ፣ ቀዩ በሆነ ዘዴ ለአሉሚኒየም ይሆናል? ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ቀዩ መርዝ አለው ይባላል። እውነት ነው?

መልስዎ እንደ ሁልጊዜው በጋሽ ነገሪ መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ይምጣ። እማዬ ሲነበብ መስማት ትፈልጋለች።

እጅ የሚነሳዎ፣
ራጉኤል


ሮስቶክ፣ ጥር 30 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለራጉኤል፤

ይህን እትዬ ትሩፋት አጠገብህ ተቀምጠው አንብብላቸው።

እትዬ ትሩፋት፣ ለሐዘንተኛ ምን ይጻፋል? ቀምሶ የሚያውቀው እሱ ፈጣሪ ያጽናዎ። ኢያቄምን በዓይኔ ያየሁት የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ እኔ ለትምህርት ወደዚህ ስመጣ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጦ አልነሳም ብሎ ያስቸገረንን ያስታውሱታል። ከዚያ በኋላ የማውቀው በጽሑፉ ነው። ጥሩ ተማሪ ነበር። አንድ ነገር ከጻፍኩለት ሁለተኛ አይጠይቀኝም ነበር።

ራጉኤል፣ መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ ጃኬትና ካልኩሌተር ልኬልሃለሁ። ካልኩሌተሩ ለፈተና ይሆንሃል። ስለ ተንግስተኑ የጠየቅኸኝን በአጭሩ ልመልስ፤ ቀዩን ለአሉሚኒየም አትንካው። አረንጓዴ ለመላክ ደግሞ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። አንተ ተማሪ ነህ። ያን ጎላ ለቆራሌው ተውለት፤ ለእድሩ አዲስ ጎላ የሚገዛበትን መንገድ እኔ እፈልጋለሁ። እሳት ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃዋል።

ለጋሽ ነገሪና ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስ።

ገብረ መድኅን


መካኒሳ፣ የካቲት 24 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገብረ መድኅን፤

መንገድዎ ይቅና፣ ክፉ አይንካዎ ብላ እማዬ መርቃለች። ጃኬቱ ደርሶኛል፤ ሰፊ ነው፤ ለኢያቄም ቢሆን ልኩ ነበር። እማዬ ለብሼው ስታየኝ ወደ ጓዳ ገባች። ስለዚህ የምለብሰው ትምህርት ቤት ስደርስ ነው።

ደብዳቤዎን ጋሽ ነገሪና እማማ አማከለች ባሉበት አነበብኩት። ሻንጣው ላይ የደረስኩ ጊዜ እማዬ ፈገግ አለች። ስጨርስ፣ «ልጄ በምን እንደሞተ ምንም አላለም?» ብላ ጠየቀችኝ። አላለም አልኳት። እማማ አማከለች፣ «ታዲያ እሱ ጀርመን ሆኖ ምን ያውቃል» አሉና ወሬው ተቀየረ።

ስለ አዲሱ ጎላ እድሩ አመስግኗል። እኔ ግን የምፈልገው ይህኛውን ነው። ጠመኔው ገና አለ። ሮበሌ ዕቃ ሲያነሳ በእጁ እንዳይጠርገው ላስቲክ አልብሼዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አይንኩት ያሉትን ነካነው። ስንጥቁ ውስጥ የስንት ለቅሶ ዘይት እንደገባ አላውቅም፤ ከጠዋት ጀምሮ በአመድና በሎሚ ሳሽ ዋልኩ፣ ጥቁሩ አያልቅም። ሮበሌ፣ «ፕሮፌሰር፣ ጣትህ ካለቀ በኋላ በምን ልትጽፍ ነው?» እያለ ይስቅብኛል። ወዲያው ደግሞ ፊቱን ያዞራል፤ «ፕሮፌሰር» ይለኝ የነበረው ኢያቄም ነውና። ከዚያ ቀዩን በሞላ፣ በሚሽከረከረው መሳያ ድንጋይ ላይ እንደ መርፌ አሹሎ የብየዳው ቶርች ውስጥ አስገባው። እሳቱ ወዲያና ወዲህ ተቅበዘበዘ። ጫፉ ተተረተረና ፍንጣሪው ብየዳው ውስጥ ወደቀ። ሲበርድ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ በጥፍር የሚፈረፈር ሆነ። ሮበሌ ማስኩን አውልቆ፣ «እሱ ቢሆን በዚህ አይነካውም ነበር» አለ። ያበላሸነውን በሞረድ አነሳሁት። ጥቂት አረንጓዴ ቢልኩልን አንዳች አናባክንም።

አክባሪዎ፣
ራጉኤል

*

ጋሼ፣ ይህን ሌላውን ወረቀት ለእማዬ አላነበብኩላትም። ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ከታጠፈው ሥር ነው የከተትኩት።

የኬሚስትሪ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። ቀዩ ውስጥ ያለው ቶሪየም ይባላል፣ ጨረር አለው አሉኝ። ጫፉ ሲሳል ብናኙን መተንፈስ ክፉ ነው አሉ። ኢያቄም በየቀኑ ይስለው ነበር፤ እኔም ሞላው አጠገብ ቁጭ ብዬ አጠናለሁ። እነዚያ ቀያዮች ከእርስዎ የመጡ ናቸው። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። ለመውቀስ ነው ብለው ካሰቡም አልከለክልዎትም። የምጠይቅዎ ቦቴው ውስጥ ሲገባ በእጁ የነበረው ቀዩ ብቻ ስለሆነ ነው።

ቤታችን ውስጥ ሰው አያወራም። እማዬ በየቅዳሜው የኢያቄምን ቱታ ታጥባለች። ማንም ሳይለብሰው ታጥባ፣ አስጥታ፣ አጥፋ ታስቀምጣለች። ተይ ለማለት ምክንያት ያስፈልገኛል። በምን እንደሞተ ባውቅ ምክንያት የማገኝ ይመስለኛል። ይህን የሚመልሱልኝ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን ይሁን፤ ቁጥሩን ፖስታው ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ።


ሮስቶክ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለራጉኤል፤

ይህ ለአንተ ብቻ ነው። በየደብዳቤው ራስ ላይ የምንደረድረውን ሰላምታ ዛሬ ዝለልልኝ።

መምህርህ የነገሩህ እውነት ነው። ቀዩ ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ቶሪየም አለበት። የተጨመረው እሳቱ ቶሎ እንዲነሳና ጫፉ ሹል እንደሆነ እንዲቆይ ነው። ለብረት ጥሩ ነው። ብረት ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየሄደ ይበየዳል፤ ጫፉም ብዙ አይግልም። አሉሚኒየም ግን በዓይን የማይታይ ቆዳ አለው። አሉሚኒየሙ ራሱ ውሃ ሆኖ ሳለ ቆዳው አይቀልጥም፤ ሦስት እጥፍ ሙቀት ይፈልጋል። ያን ቆዳ የሚገፈው ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው። ያው ኤሌክትሪክ ሲመለስ ደግሞ ጫፉን ያቃጥለዋል። ሹል ጫፍ ይህን አይችልም። የቀዩን ጫፍ ሲተረትረው ያየኸው ለዚህ ነው። አረንጓዴው ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ተንግስተን ነው፤ ጫፉ ላይ ቀልጦ እንደ ጤዛ ክብ ይሆንና እዚያው ይጸናል። ነጭ ጫፍ ያለውም ይሆናል፤ እሱንም እናንተ ዘንድ አታገኙትም። ሰው የሚበላበት ዕቃ ላይ ቀዩ መርገፉ ራሱ ደግ አይደለም፤ ያን ብየዳ ማንሳትህ ልክ ነው።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ። የቀዩ ጉዳት ሲሳል የሚወጣው ብናኝ ነው። ከሞላው አጠገብ ተነስተህ ሌላ ቦታ አጥና፤ ሮበሌም አፍንጫውን ሸፍኖ ይሳለው። ነገር ግን ያ በብዙ ዓመት የሚጠራቀም ነገር ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ጠዋት አይጥልም። ወንድምህን የገደለው ቀዩ አይደለም። ይህን የምልህ ቀዩን የላክሁት እኔ ስለሆንኩ እንዳይመስልህ።

ከዚህ አልፌ ዛሬ መጻፍ አልችልም። ፈተናህን ተፈተን። አረንጓዴውን በተመለከተ ገና አልቆረጥኩም።

ገብረ መድኅን


መካኒሳ፣ ግንቦት 18 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገብረ መድኅን፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እኔም ሰላምታውን ልዝለል።

ቀዩ አይደለም ሲሉኝ መጀመሪያ ተናደድኩ። ስድስት ወር ሙሉ ቀዩን ስጠላ ኖሬ ነበር። የሚጠሉትን ማጣትም እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ሾፌሩን መሐሙድን ፍለጋ ላፍቶ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ወተት ከሚያስረክቡት ገበሬዎች ጋር ሲጨቃጨቅ አገኘሁት። ሲያየኝ መልኬ ከኢያቄም ጋር ስለሚመሳሰል ነው መሰለኝ የያዘውን ባልዲ መሬት አስቀመጠ። መኪናው ጥላ ሥር አስቀምጦ ወተት በብርጭቆ ሰጠኝ። ልጠጣው አልቻልኩም፤ እሱም ጠጣ አላለኝም።

የዚያን ቀን ያየውን እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ለፖሊስ የነገረውን ነገረኝ። ሌላስ ስለው ሌላ የለም አለ። ቆይቶ ግን እንዲህ አለኝ፦

«ልጠራው ራሴን በክዳኑ አስገብቼ ነበር። ጉልበቴ ከዳኝ፤ ዓይኔ ጨለመብኝ። ቁርስ አልበላሁም ነበር፣ የድንጋጤና የረሃብ ነው አልኩ።»

«ምን ሸተተህ?»

«ምንም። ምንም አይሸትም። የብየዳው ቱቦ ብቻ ሲስ ይላል። ሮበሌ መጥቶ እስኪዘጋው ድረስ ሲስ ይል ነበር።»

ይህን ለፖሊስ ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው፣ «ድምፅ ሰው ይገድላል እንዴ? ምን ብዬ ልናገር» አለኝ። የሚያሾፍ አይመስለኝም፤ ፊቱ ላይ ላብ ነበር።

ወደ ቤት እንደተመለስኩ የኬሚስትሪ መጽሐፌን አወጣሁ። በብየዳው ቱቦ ስለሚወጣው ጋዝ፣ ስለ አርጎን፣ ያለው አንድ መስመር ነው። ከምንም ነገር ጋር አይዋሐድም ይላል። ከምንም ጋር የማይዋሐድ ነገር ሰውን ምን ያደርገዋል? መምህራችን፣ ምንም አያደርግም፣ የምንተነፍሰው አየር ውስጥም ጥቂት አለ አሉኝ። እርስዎ ግን ምንም አያደርግም የሚሉኝ አይመስለኝም። ባለፈው ደብዳቤ «ከዚህ አልፌ» ያሉት ወዴት ነው?

ራጉኤል


መካኒሳ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገብረ መድኅን፤

ለግንቦቱ መልስ አልመጣም። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ሣጥኑን ስጠይቅ ጸሐፊዋ ስታየኝ ገና ከሩቁ ራሷን መነቅነቅ ለመደች። ምናልባት ታመው ይሆናል ብዬ እማዬን ስለት እንድትሳል አድርጌያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

ፈተናው አልሆነልኝም። ወረቀቱ ላይ ስሜን ጽፌ ብዙ የቆየሁ ይመስለኛል። ዝናቡ በጋራዡ ቆርቆሮ ገብቶ ጠመኔውን አጥቦታል። ላስቲኩ ተቀዶ ኖሯል። ቦታውን ስለማስታውሰው በምስማር ጫርኩበት፤ የእሱ ምልክት ግን የለም።

የምጽፍልዎ ለሌላ ጉዳይ ነው። ሮበሌ ሥራ ጠፍቶበት ነበር። አሁን የዚያው ዓይነት ቦቴ ይዘውለት መጥተዋል፤ ስንጥቁ በውስጥ ነው። መስከረም ሲጠባ እገባለሁ ብሎ ተቀብሏል። መሐሙድ የነገረኝን ስነግረው፣ «ፕሮፌሰር፣ በሬሳ ወሬ እንጀራዬን ልተው?» አለኝ። እናቱና ሁለት እህቶቹ የሚያድሩት በእሱ ነው።  እርስዎ የሚያውቁት ነገር ካለ ለእኔ ባይሆን ለሮበሌ ይንገሩት።

ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ በጋሽ ነገሪ ሣጥን ይላኩ። ማንም ያንብበው።

ራጉኤል


ቴሌግራም
ከሮስቶክ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሮበሌ ቦቴ ውስጥ አይግባ። ማንም አይግባ። ደብዳቤ ይከተላል። ገብረ መድኅን


ሮስቶክ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለራጉኤልና ለሮበሌ፤

ቴሌግራሙ በጊዜው እንደደረሰ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሥር አረንጓዴ ተንግስተን ይደርሳችኋል። የሚያመጣው ሰው የብዕር መያዣ መስሎታል፤ እንዳይጥለው አደራ ብዬዋለሁ።

አረንጓዴውን በሞላ አታሹሉት። እንደተቆረጠ ቶርቹ ውስጥ ክተቱትና ማሽኑን ለአሉሚኒየም ወደሚሆነው አዙሩ። መጀመሪያ ንጹሕ መዳብ ላይ እሳቱን አስነሱ፤ ጫፉ ቀልጦ ራሱ ክብ ይሆናል። ክቡ ከዘንጉ ውፍረት አይብለጥ። እንደ አተር ካበጠ ኤሌክትሪኩ በዝቷል፣ ቀንሱ፤ አለዚያ ተንጠባጥቦ ብየዳው ውስጥ ይወድቃል። እንደ መስታወት ካበራ ጥሩ ነው። ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ጋዙን ቶሎ ዘግታችሁበታል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጫፉ እስኪበርድ ጋዙ ይንፈስበት። እጃችሁ ስቶ ጫፉ የቀለጠውን አሉሚኒየም ከነካ አትከራከሩት፤ ሰብራችሁ እንደገና ጀምሩ። ጎላው ወፍራም ስለሆነ አስቀድማችሁ በእሳት አሙቁት። ለአሉሚኒየም የያዛችሁት ብሩሽ ብረት አይንካ።

ጋዙ ጫፉንም ብየዳውንም ከአየር የሚጠብቅ ነው። ሥራው አየርን ማባረር ነው። ከአየር ይከብዳል፤ ሜዳ ላይ ሲሆን ይበተናል፣ ጉድጓድና ዝግ ነገር ውስጥ ሲሆን ግን እንደ ውሃ ከታች ጀምሮ ይሞላል። አይሸትም፣ አይታይም፣ አያስልም። ሰው መታፈኑን ሳያውቅ ይተኛል። ቦቴ፣ በርሜል፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብታችሁ በዚህ ጋዝ አትበይዱ። ግድ ከሆነ ከታች በኩል አየር የሚነፋ ማራገቢያ፣ በክዳኑ ላይ ደግሞ ዓይኑን የማይነቅል ሰው ይኑር፤ ገመድም ወገብ ላይ ይታሰር። ከዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቅር።

እኔ የምሠራበት የመርከብ ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ቶርች ከመያዙ በፊት የሚነገረው ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አይደግመውም። ሁሉም ያውቀዋል ተብሎ ይታሰባል።

ገብረ መድኅን


መካኒሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገብረ መድኅን፤

ይህን የምጽፈው እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ነው። የሆነውን ሁሉ ጻፍለት ብላኛለች፤ ስጨርስም አነብላታለሁ።

ቴሌግራሙን ይዘው የመጡት ጋሽ ነገሪ ናቸው። ቴሌግራም የሞት ነው ብለው ስለፈሩ ሦስት የእድር ሰዎች አስከትለው፣ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አጣፍተው ገቡ። እማዬ ገና ስታያቸው ተነሳች። ቆመው አነበቡት። የሞተ ሰው አለመኖሩን ሲያውቁ ሁሉም ተነፈሱ፤ እማማ አማከለች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ወደ ጋራዥ ሮጥኩ። ሮበሌ ቦቴው ላይ መሰላል አቁሞ ነበር። ከመሰላሉ ላይ ሆኖ አነበበው፤ ወረደና መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቦቴውን ሳይሠራ መለሰላቸው።

ስመለስ ሰዎቹ ሄደዋል። እማዬ ወረቀቱን በእጇ ይዛለች። ማንበብ ባትችልም ትመለከተው ነበር። «ለኢያቄምስ እንዲህ ያለ ወረቀት መጥቶለት ነበር?» አለችኝ።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎችዎን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጫፉ፣ ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ብሩሹ የጻፉለትን ሁሉ። ኢያቄም አንድ ነገር ከተጻፈለት ሁለተኛ አይጠይቅም ብለው ነበር፤ ልክ ነዎት፤ ያልተጻፈለትንም አይጠይቅም ነበር። አልመጣለትም አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። የጳጉሜኑን ደብዳቤ ሳነብላት ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ፤ «ይተኛል» የሚለው ላይ ስደርስ ድገመው አለችኝ። ደገምኩት። የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ቱታውን አላጠበችም። ከዚያ ወዲህም አላጠበችም። እኔ የምፈልገው እሱን ነበር። አሁን ቱታው ግድግዳው ላይ ባለው ምስማር ተንጠልጥሎ ሳየው ታጥቦ የሚሰጣበት ጊዜ ይሻል ነበር እላለሁ።

ጎላውን ከሙት ዓመቱ በፊት ባለው እሑድ ደጅ አውጥተን በየድነው። ሮበሌ ቶርቹን ለእኔ ሰጠኝ። የመጀመሪያውን አረንጓዴ አሳበጥኩት፤ ሁለተኛውን ነካሁበትና ሰበርኩት። ሦስተኛው ጫፉ ላይ ጤዛ መስሎ ቆመ። አሉሚኒየሙ ሲቀልጥ ቆዳው ተገፎ ከሥሩ ብር የመሰለ ውሃ ወጣ። ኢያቄም ይህን በየቀኑ ያይ እንደነበር አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ማስኩን አድርገህ እይ ብሎኝ፣ ነገ ፈተና አለብኝ ብዬዋለሁ። በምስማር የጫርኩት ቦታ ላይ ስደርስ አቆምኩ። ጎላውን ውሃ ሞልተን ደረቅ አመድ ላይ አሳደርነው። ጠዋት አመዱ ደረቅ ነበር።

ለሙት ዓመቱ ሁለቱ ጎላዎች ጎን ለጎን ተጣዱ። ጋሽ ነገሪ የእኔን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ «አልዋጠህም እንግዲህ» አሉኝ። ሴቶቹ ኢያቄም የበየደው የትኛው ነው እያሉ ሲከራከሩ እማዬ ከተቀመጠችበት ተነስታ መጣች። እሳቱ ገና አልተለኮሰም ነበር። ሁለቱንም ስፌቶች በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ መዳፏን የእኔው ላይ አሳርፋ፣ «ይኼ ነው። የእሱ እጅ ነው» አለች። ሮበሌ አየኝ። እኔ ግን ሳላርማት ጎንበስ ብዬ እንጨቱን ከጎላዎቹ ሥር ደረደርኩ። አሁንም ይህን ሳነብላት እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ።

የቀሩት ሰባት አረንጓዴዎች ሮበሌ ጋ ናቸው። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍልን እንደገና እየተማርኩ ነው። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም፤ እንዲልኩልኝም አልጠይቅም።

እማዬ መጨረሻ ላይ ጻፍልኝ ያለችው ይህን ነው፦ «ገብረ መድኅንን፣ ሮበሌን ለእናቱ ስላተረፍክላት እግዜር ይስጥህ በለው።»

እንዳለችው ጽፌዋለሁ። ከራሴ የጨመርኩት የለም።

ራጉኤል